የፍራንሲስ ዴቪስ ሕይወትና የፓወር ስቲሪንግ ብልሽት ምርመራ

መሪው ከብዶ ወደ ጋራዥ የገባ ተሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ፍርድ ፓምፑ ደክሟል የሚል ነው። ፓምፑ ይለወጣል፤ ዘይቱ ይሞላል፤ ባለንብረቱም ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ጥቂት ቀናት አልፈው መሪው እንደገና ሲከብድ ጥፋቱ በአዲሱ ፓምፕ ጥራት ይሳበባል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ ይህ ስሕተት የሚደጋገመው የመካኒኮች ትጋት ስለጎደለ አይደለም። ሥርዓቱ የተነደፈበት መሠረታዊ ሐሳብ በማስተማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ከክፍሎች ዝርዝር በታች ተቀብሮ ስለቀረ ነው። ያንን ሐሳብ ያፈለቀው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ ነበር። የሕይወቱ ታሪክ ሲጠና የምርመራው ቅደም ተከተል ምክንያት አብሮ ይገለጣል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንሲስ ራይት ዴቪስ በ1887 በፊላደልፊያ ከተማ ጀርመንታውን በተባለው ሠፈር ተወለደ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ ይገኝ በነበረው የፒርስ አሮው የተሽከርካሪ ፋብሪካ ተቀጠረ። ፒርስ አሮው በዚያን ዘመን በሀብታሞች መኪና የታወቀ ስም ይሁን እንጂ፣ እስከ አምስት ቶን የሚሸከሙ የጭነት መኪናዎችንም ይሠራ ነበር፤ እነዚህም መኪናዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአጋሮቹ ሠራዊቶች አገልግለዋል። ዴቪስ በዚሁ ፋብሪካ የጭነት መኪናዎች ክፍል ዋና መሐንዲስ እስከ መሆን ደረሰ። የኋላው ሥራው ሁሉ የተፀነሰው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የመሪን ክብደት ከጭነት መኪና ሹፌር ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ችግሩ በቁጥር ሲታይ ቀላል ይመስላል። በፊት ጎማዎች ላይ የሚያርፈው ክብደት በጨመረ መጠን ቆሞ የነበረን ጎማ ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። ንድፍ አውጪዎች ለዚህ የነበራቸው መፍትሔ የመሪ ሳጥኑን የጥርስ ምጥጥን ማሳደግ ነበር። በዚህ ዘዴ እጅ ይቀለዋል፤ ነገር ግን ጎማው ከጥግ እስከ ጥግ እንዲዞር ሹፌሩ መሪውን ደጋግሞ መጠምዘዝ አለበት፤ በድንገተኛ ሁኔታ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጊዜ የለም። ምጥጥኑ ዝቅ ካለ በተቃራኒው ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ምቱ በቀጥታ ወደ ሹፌሩ ክንድ ይመለሳል። ከ1923 ጀምሮ ዝቅተኛ ነፋስ የሚሞሉ ሰፋፊ ጎማዎች ወደ ገበያ ሲገቡ ጉዞው ለስላሳ ሆነ፤ ጎማው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ስፋት ስለጨመረ ግን የመሪው ክብደት በቤት መኪናም ላይ ተሰማ። እስከዚያ ድረስ የሹፌሮች ችግር ብቻ የነበረው ጉዳይ የባለ መኪናው ሁሉ ችግር ሆነ።

ዴቪስ በዚህ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ሮበርት ትዋይፎርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1900 በሜካኒካዊ ኃይል የሚታገዝ መሪ የያዘ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ኮሎምቢያ የተባለው አምራችም በ1903 በኤሌክትሪክ ሞተር የታገዘ መሪ ያለው ከባድ የጭነት መኪና አውጥቷል። ሁለቱም ጥረቶች ተከታይ አላገኙም። የፈሳሽ ግፊትን ለከባድ ሥራ ማዋልም በፋብሪካ ማሽኖችና በመርከቦች የተለመደ ነበር። ጎድሎ የነበረው ይህን ኃይል በመኪና ቦኔት ሥር ከሚንቀጠቀጥ ሞተር ጎን በአነስተኛ ወጪና ሳይፈስ ማኖር የሚያስችል መንገድ ነው።

ዴቪስ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከበረ ሥራውን ትቶ በማሳቹሴትስ ግዛት በዋልተም ከተማ አነስተኛ ወርክሾፕ ተከራየ። ጆርጅ ጄሰፕ የተባለ ብልህ የመሣሪያ ሠራተኛ አብሮት ሠራ፤ ዴቪስ በወረቀት ላይ የነደፈውን ወደ ብረት የቀየሩት የጄሰፕ እጆች ናቸው። የፈጠራ ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያሉ ሰዎችን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈዋቸው ይሄዳሉ፤ እኛም ከዚህ በላይ ማለት አልቻልንም።

በወርክሾፑ ውስጥ የገጠማቸው ዋና ጠላት የዘይት መፍሰስ ነበር። በጊዜው የተለመደው የሃይድሮሊክ አሠራር ግፊትን አጠራቅሞ ማቆየትን ይጠይቃል፤ ቫልቩ ዝግ ሆኖ ይቆያል፤ ኃይል ሲፈለግ ይከፈታል። ይህ አሠራር በአንድ ቦታ ለተተከለ ማሽን ተስማሚ ነው። በመኪና ላይ ሲሆን ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ቢሄድም ባይሄድም እያንዳንዱ ቱቦ፣ መጋጠሚያና የማሸጊያ ጎማ ዘወትር ከፍተኛ ግፊት ይሸከማል ማለት ነው። የዚያ ዘመን ማሸጊያዎች ይህን የሚችሉ አልነበሩም።

ዴቪስ የተሻለ ማሸጊያ ፍለጋ ከመድከም ይልቅ ጥያቄውን ራሱን ገለበጠው። በእርሱ ንድፍ ቫልቩ መካከለኛ ቦታው ላይ ሲሆን ክፍት ነው። ፓምፑ ያለማቋረጥ ዘይት ይልካል፤ ዘይቱም በቫልቩ በኩል ያለ ከባድ ተቃውሞ አልፎ ወደ መያዣው ይመለሳል። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞርና ጎማዎቹ ሲቃወሙት ቫልቩ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ በአንድ ወገን ያለውን መመለሻ ያጠብባል፤ መሄጃ ያጣው ዘይትም ፒስተኑን ይገፋል። በሌላ አነጋገር፣ ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ መሄጃ ሲያጣ ብቻ ነው፤ የፓምፑ ድርሻ ፍሰትን መስጠት ነው። ሹፌሩ እጁን ሲያላላ ቫልቩን በመካከል የሚይዙት ምንጮች ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ ግፊቱም ይወርዳል። አንድ መኪና አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ቀጥ ብሎ በመሄድ ስለሆነ፣ ማሸጊያዎቹም አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በዕረፍት ያሳልፋሉ።

ስለ ምንጮቹ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የምንጮቹ ጥንካሬ የሚወስነው ሹፌሩ ምን ያህል ኃይል ሲያሳርፍ እርዳታው እንደሚጀምር ነው። ከዚያ መጠን በታች ሹፌሩ መሪውን በገዛ እጁ ያዞራል፤ መንገዱም በእጁ ይሰማዋል። ከዚህም ሌላ መሪውንና ጎማዎቹን የሚያገናኘው የብረት ሰንሰለት ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል፣ ፓምፑ ቢቆም መኪናው ይከብዳል እንጂ ያለ መሪ አይቀርም። ዛሬም ሞተሩ በጉዞ ላይ የጠፋበት ሹፌር መኪናውን ታግሎ ወደ ዳር ማውጣት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥርዓቱ በ1921 በተሠራ የፒርስ አሮው መኪና ላይ ተገጥሞ ተፈተነ። ዴቪስ በ1926 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ፤ መብቱም በ1931 ተሰጠው። በዚያው በ1926 መኪናውን ወደ ዲትሮይት ወስዶ ለጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች አሳየ፤ ኩባንያውም ውል ተዋዋለው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሥርዓቱን ለካዲላክ መኪናዎች የማዘጋጀት ዓመታት ነበሩ። በቴክኒክ ረገድ ሥራው ወደ ፍሬ ተቃርቦ ሳለ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ውድ መኪና የሚገዛ ሰው ቁጥር አሽቆለቆለ፤ በጥቂት መኪናዎች ላይ ብቻ ለሚገጠም መሣሪያ የፋብሪካ ማሽን ማሰናዳት አዋጪ ሆኖ አልተገኘም። በ1934 ጄኔራል ሞተርስ እቅዱን አቆመ። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ሥርዓቱ ስላልሠራ አለመተዉ ነው፤ ስንት መኪና ይሸጣል የሚለው ስሌት ነው ያስቀረው።

በ1936 ዴቪስ ቤንዲክስ ከተባለው የተሽከርካሪ መሣሪያዎች አምራች ጋር አዲስ ውል ገባ። በዚህም ወቅት የተሠሩት ጥቂት ናሙናዎች ናቸው። ሁኔታውን የቀየረው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብረት ልብስ የለበሱ ተሽከርካሪዎች ክብደት የሰውን ክንድ አቅም በግልጽ አልፎ ሄደ፤ በአሜሪካ ለብሪታንያ ጦር የተሠሩ ባለ ጎማ ብረት ለበስ መኪናዎችና ሌሎች ከባድ የጦር ተሽከርካሪዎች በኃይል የታገዘ መሪ ይዘው ወጡ። ለሀብታሞች ምቾት ይሆናል ተብሎ በውድነቱ የተተወው ነገር በጦር ሜዳ የግድ ሆኖ ተገኘ፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎች ላይም አስተማማኝነቱ ተረጋገጠ።

ሰላም በሆነ ጊዜ ግን የዴቪስ የመጀመሪያ መብቶች ዘመን ማለቅ ጀመረ። በ1951 ክራይስለር ኩባንያ ኢምፔሪያል በተባለው መኪናው ላይ ለተራ ገዢ የቀረበውን የመጀመሪያ ፓወር ስቲሪንግ አወጣ፤ ይህም ዘመናቸው ባለፈ የዴቪስ መብቶች ላይ የተመሠረተ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በተፎካካሪው ከተቀደመ በኋላ ከዓመታት በፊት ወዳቋረጠው ሥራ ተመለሰ፤ ከዴቪስም ጋር ዳግመኛ ተስማምቶ በ1952 ካዲላክን ጨምሮ በመኪናዎቹ ላይ ማቅረብ ጀመረ። ከመጀመሪያው ማሳያ እስከዚህ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። የፈጠራ መብት ሕግ የተሰጠው ጊዜ ፈጣሪው ከፈጠራው እንዲጠቀም ነው፤ በዴቪስ ላይ ግን ጊዜው የሄደው ሌሎች እስኪፈልጉት በመጠበቅ ነበር። ቢሆንም በመጨረሻ ከሥራው ጥቅም ሳያገኝ አልቀረምና፣ እንደ ብዙዎቹ የፈጠራ ሰዎች የተረሳ አድርጎ ማቅረቡ ከእውነት የራቀ ይሆናል።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። ዴቪስ ግፊቱ ሲጠየቅ ብቻ እንዲመጣ ማድረጉ ማሸጊያዎችን አድኗል፤ በአንጻሩ ግን ብልሽቱም ሲጠየቅ ብቻ እንዲታይ አድርጎታል። ቀጥ ብሎ በሚሄድ መኪና ላይ የደከመ ፓምፕና ጤነኛ ፓምፕ አይለዩም፤ ሁለቱም ዘይቱን ብቻ ያዞራሉ። ስለዚህ መርማሪው ሥርዓቱን መጠየቅ፣ ማለትም ጭነት መስጠት አለበት። ከዚያ በፊት ግን ክብደቱ ከሃይድሮሊኩ ውጭ የመጣ አለመሆኑን ማጣራት ይቀድማል። የፊት ጎማዎች ነፋስ ይለካል፤ አላይመንቱ ይታያል። ቀጥሎ ሞተሩ እንደጠፋ የመኪናው ፊት በክሪክ ይነሣና በመደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ መሪውም በእጅ ከጥግ እስከ ጥግ ይዞራል። ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው መሪው በአንድ ቦታ የሚይዝ ወይም የሚከብድ ከሆነ፣ ጥፋቱ በመሪ ዘንግ መጋጠሚያ ወይም በእግሮቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ሊሆን ይችላልና ፓምፑን መወንጀል አይገባም።

ከዚህ በኋላ የዓይን ምርመራ ይመጣል። በመያዣው ውስጥ ያለው ዘይት መጠኑ ብቻ ሳይሆን መልኩም ይናገራል። አረፋ የያዘ ዘይት አየር እንደገባ ያመለክታል፤ አየር ደግሞ ከፈሳሽ በተለየ ስለሚታመቅ መሪው እንዲንተከተክና ፓምፑ እንዲያቃስት ያደርጋል። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት ሥርዓቱ በሙቀት ሲሠራ መቆየቱን ይመሰክራል። ዘይቱ ከቀነሰ የፈሰሰበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ እየሞሉ መሄድ ምርመራ አይባልም። አካባቢው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ መሪው ጥቂት ጊዜ ይዞራል፤ ፈሳሽ ወደ ታች ስለሚወርድና በጉዞ ነፋስ ወደ ኋላ ስለሚነዳ ምንጩ ከረጠቡት ቦታዎች ከፍ ያለውና ወደ ፊት ያለው ነው። የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ከብረት ጋር የተጣበቀበት ጫፍ፣ የፓምፑ ዘንግ ማሸጊያና የመሪ ሳጥኑ መግቢያ በቅድሚያ ይታያሉ። ራክ ባላቸው መኪናዎች ላይ በሁለቱ ጫፎች ያሉት እንደ አኮርዲዮን የታጠፉ የጎማ መሸፈኛዎች ሲጨመቁ ዘይት ካለባቸው የውስጥ ማሸጊያው አልፏል። በግፊት ላይ ያለን ቱቦ ቀዳዳ በጣት መፈለግ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ቀጭን የዘይት ፍንጥቅታ ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላልና ካርቶን መጠቀም ይሻላል።

ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋም የዚሁ ፍተሻ አካል ነው። መሪው ጥግ ሲደርስ የፓምፑ ጭነት ከፍተኛ ስለሚሆን፣ የላላ ወይም የተላላጠ ቺንጋ በዚያች ቅጽበት ይንሸራተትና ይጮኻል። በቺንጋ ምክንያት የከበደ መሪ ከፓምፕ ድካም ጋር ፍጹም ይመሳሰላል፤ የጥገና ወጪያቸው ግን አይመሳሰልም።

ክርክሩን የሚቋጨው የግፊት መለኪያው ነው። መለኪያው ከመዝጊያ ጋር በፓምፑና በመሪ ሳጥኑ መካከል ይገጠማል፤ ዘይቱ እንዲሞቅ መሪው ጥቂት ጊዜ ይዞራል። መዝጊያው ክፍት ሆኖ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራና መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ የሚነበበው ግፊት ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ በብዙ መኪናዎች ላይ ከ10 ባር ያልበለጠ ነው። ከፍ ካለ ቫልቩ ወይም የመመለሻ ቱቦው ታፍኗል፤ የዴቪስ ክፍት መንገድ ክፍት መሆኑን አቁሟል ማለት ነው። ቀጥሎ መዝጊያው ለጥቂት ሰከንድ፣ ከ5 ሳይበልጥ፣ ይዘጋል። ዘይቱ መሄጃ ሲያጣ ፓምፑ ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ እንደ መኪናው ዓይነት ከ70 እስከ 100 ባር አካባቢ ይጠበቃል፤ ትክክለኛው ልክ ከአምራቹ መጽሐፍ ይወሰዳል። ቺንጋው ደኅና ሆኖ ይህ ግፊት ካልመጣ ፓምፑ ወይም በውስጡ ያለው ግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ደክሟል። ከመጣ ግን ፓምፑ ንጹሕ ነው። በመጨረሻ መዝጊያው ተከፍቶ መሪው ወደ ቀኝ ጥግ፣ ከዚያም ወደ ግራ ጥግ ለአጭር ጊዜ ይያዛል። በዚህ ጊዜ ግፊቱ መዝጊያው ተዘግቶ ከታየው ጋር የማይቀራረብ ከሆነ ዘይቱ በመሪ ሳጥኑ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያመለጠ ነው። በውጭ አንዲት ጠብታ አትታይም፤ መያዣውም አይጎድልም። በጽሑፋችን መግቢያ ላይ የተለወጠው ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚፈረድበት በዚህ ሥውር ማምለጥ ምክንያት ነው።

መሪው በአንድ ወገን ብቻ ሲከብድ ነገሩ ከዚህም ይቀላል። አንዱ ፓምፕ ለሁለቱም ወገን ስለሚያገለግል፣ በግራ የሚረዳ ፓምፕ በቀኝ ሊሰንፍ አይችልም፤ ፍተሻው ወደ ቫልቩና ወደ ፒስተኑ ማሸጊያዎች ይዞራል። የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው፣ መሪው ቀጥ ብሎ ማንም ሳይነካው ሞተሩ ሲነሣ በራሱ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ከመካከሉ ወጥቷል። እንዲህ ያለ መኪና በመንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ሹፌሩም ጥፋቱን በጎማ ወይም በአላይመንት ላይ ሲፈልግ ይከርማል።

ከጥገና በኋላ የሚሞላው ዘይት አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ሊሆን ይገባል። በአንዳንድ መኪናዎች ይህ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ በሌሎች ደግሞ ለመሪ ብቻ የተዘጋጀ ነው። የፍሬን ዘይት በስሕተት መጨመር ማሸጊያዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። አየሩን ለማስወጣት ጎማዎቹ ተነሥተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሪው በዝግታ ከጥግ እስከ ጥግ ደጋግሞ ይዞራል፤ መያዣውም እንዳይጎድል ይጠበቃል። ሞተሩን አስነሥቶ መቸኮል አየሩን በዘይቱ ውስጥ መምታትና አረፋ ማድረግ ብቻ ነው።

ዴቪስ በ1978 በ90 ዓመቱ ገደማ ዐረፈ። በሕይወት ሳለ የሚንሸራተተው ቫልቩ በብዙ መኪናዎች ላይ በሚሽከረከርና በቀጭን ተጠምዛዥ ዘንግ በሚመራ ቫልቭ ተተክቶ አይቷል፤ በመካከል ክፍት የመሆኑ መርሕ ግን አልተነካም። ከሞቱ 10 ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ የጃፓኑ ሱዙኪ ሰርቮ በተባለ ትንሽ መኪናው ላይ የኤሌክትሪክ ፓወር ስቲሪንግ አወጣ። በዚህ ሥርዓት ፓምፕ፣ ቱቦና ዘይት የሉም። የዘንጉን መጠምዘዝ የሚለካ ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል፤ ሞተሩም በዚያው መጠን ይረዳል። በአገራችን ጎዳናዎች ላይ አዲሶቹ የቤት መኪናዎች በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ሰውና እህል የሚያጓጉዙት አይሱዙዎችና ከባድ መኪናዎች ግን ዛሬም መሪያቸውን የሚያቀልሉት በዘይት ነው፤ መለኪያ የሌለው ጋራዥም ፓምፖቻቸውን መለወጡን ቀጥሏል።